ኦገሩ መሬት ውስጥ ገብቶ ሲቆም

ከቢሾፍቱ አካባቢ አንድ ወጣት ገበሬ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ያገለገለ ባለ 35 ፈረስ ጉልበት ትራክተር ከነሎደሩ (ከፊት ባኬት ከሚያነሳው ክንዱ ጋር) ገዝቼ፣ ባኬቱን አውልቄ ኦገር የሚሉትን በሃይድሮሊክ የሚዞር ጉድጓድ መቆፈሪያ ገጠምኩበት። የኦገሩ ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ለአጥር 400 ጉድጓድ፣ ለአቮካዶ ችግኝ ደግሞ 150 ያስፈልገኛል። መሬቴ ግማሹ መረሬ፣ ጥቁሩ ሸክላ አፈር ነው፤ ወደ ኮረብታው ያለው ደግሞ ቀይ ጠጠር ያለበት ቀላል አፈር ነው። ኦገሩ ቀርፋፋ ነው፤ መረሬው ላይ 30 ሳንቲ ሜትር እንደወረደ ጭራሽ ይቆማል። ወደ ታች ስጫነው የትራክተሩ አፍንጫ ይነሳል። ሞተሩ እንዳይጎዳ ነዳጅ ቀነስ አድርጌ ነው የምሠራው። ከኦገሩ ሞተር ዘንግ ሥር ዘይት ማላብም ጀምሯል። የሸጠልኝ ሰው ባለ 60 ሳንቲ ሜትሩን ብትገዛ ይቀልልሃል ይለኛል። ጥፋቱ የዕቃው ነው የእኔ?»

ቁጥር ስጠይቀው ሳይሰለች ላከልኝ። የትራክተሩ ፓምፕ በ2600 ዙር ላይ በደቂቃ 28 ሊትር ዘይት ይሰጣል፤ ግፊቱ 160 ባር ነው። የኦገሩ ሃይድሮሊክ ሞተር 250 ሲሲ፣ ካምቢዮው 4 ለ 1። አብሮት የመጣው ወረቀት ከ40 እስከ 75 ሊትር፣ እስከ 200 ባር ይላል። የሚሠራው ሞተሩን 1200 ዙር ላይ አድርጎ ሲሆን፣ ኦገሩ ባዶውን በደቂቃ 11 ጊዜ ይዞራል።

ወንድሜ፣ ዕቃውም ደህና ነው አንተም ደህና ነህ ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ። ከቁጥሮቹ የማየው ግን ጥፋቱ ለሁለት የሚካፈል ነው፤ ትልቁ ድርሻ ደግሞ ያንተ ነው። ደግነቱ ያንተ ድርሻ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከነዳጁ ልጀምር። የሃይድሮሊክ ፓምፑ ከትራክተሩ ሞተር ጋር ታስሮ ነው የሚዞረው፤ ሞተሩ ሲሮጥ ይሮጣል፣ ሲያዘግም ያዘግማል። 28 ሊትር የሚሰጥህ 2600 ዙር ላይ ነው። 1200 ላይ ስታቆመው የሚደርስህ 13 ሊትር እንኳ አይሞላም። የኦገሩ ሞተር ደግሞ አንዴ ለመዞር 250 ሲሲ፣ ማለትም ሩብ ሊትር ዘይት ይፈልጋል። 13 ሊትር ለሩብ ሊትር ስታካፍለው 52 ዙር ነው፤ ካምቢዮው ለ4 ሲያካፍለው 13 ይሆናል፤ ውስጥ ለውስጥ የሚያመልጠውን ዘይት ስትቀንስለት አንተ የቆጠርከው 11 ላይ ትደርሳለህ። ዕቃው የሰጠኸውን ያህል መልሶልሃል። 2600 ላይ ብታደርገው በዚሁ ሂሳብ 28 ይመጣል፤ የሚያመልጠው ሲቀነስ 25 ገደማ ይሆናል። ለቁፋሮ የሚሆን ፍጥነት ነው፤ እኔ እንደውም ለጀማሪ ከዚህ በላይ አልመክርም።

«ሞተሩ እንዳይጎዳ» ያልከው የብዙ ሰው ሐሳብ ነው፤ ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ናፍጣ ሞተር ከባድ ሥራ ላይ በዝቅተኛ ዙር ሲታነቅ ነው የሚሰቃየው። ትራክተር የተሠራው ቀኑን ሙሉ ከፍ ባለ ዙር ለመሥራት ነው። የምትቆጥበው ነዳጅም የለም፤ ጉድጓዱ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይፈጅብሃል።

ሁለተኛው ሂሳብ ሻጮች የማይነግሩህ ነው። በደቂቃ የሚፈሰውን ሊትር በባሩ አባዛና ለ600 አካፍል፤ የምታገኘው በዘይቱ ውስጥ የሚሄደው ጉልበት በኪሎ ዋት ነው። 28 ሲባዛ በ160፣ ሲካፈል ለ600፣ ሰባት ተኩል ኪሎ ዋት ነው፤ ወደ 10 ፈረስ መሆኑ ነው። አየህ፣ 35 ፈረስ ገዝተህ ኦገሩ ጋ የሚደርሱት 10 ናቸው። አንተ ደግሞ ነዳጅ በመቀነስህ ከአሥሩ አምስቱን በረት ዘግተህባቸዋል።

ያንተ ኦገር ዋናው ቤቱ ስኪድ ስቲር የሚባለው፣ ኮንስትራክሽን ላይ የምታያት ትንሿ ሎደር ነች። የሷ ፓምፕ ካንተው ሁለት ሦስት እጥፍ ዘይት ይረጫል። ወረቀቱ ከ40 ሊትር በላይ የሚለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በትራክተርህ ላይ ሁልጊዜ ከወረቀቱ የቀረፈፈ ይሆናል። ግን አንድ ነገር አትቀላቅል፦ የዘይቱ ብዛት ፍጥነቱን ይወስናል፣ የዘይቱ ግፊት ደግሞ የመጠምዘዝ አቅሙን። ፍጥነትህ ዝቅ ቢልም አቅምህ 160 ባር ላይ የወረቀቱ 80 በመቶ ነው። ከብክነቱ በኋላ ወደ 2000 ኒውተን ሜትር ይቀርሃል። ለባለ 30 ሳንቲ ሜትር ኦገር ይህ በቂ ነው። መሬት ውስጥ ቀጥ የሚለው ጉልበት አንሶት ብቻ አይደለም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥርጣሬ ላንሳ። የኦገሩን ሁለት ጎማ ቱቦዎች የት ነው የሰካሃቸው? ባኬት ማጋደያው መስመር ላይ ከሆነ፣ እንደምገምተው ነው፣ ሁለት ነገር ይበላሽብሃል። አንደኛ፣ ማንሻውን እስከ መጨረሻው ካልሳብከው ቫልቩ በግማሽ ነው የሚከፈተው፤ ዘይቱም በግማሽ ያልፋል፣ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እጅ ሲደክም ማንሻው ሳታውቀው ወደ መሐል ይመለሳል። ሁለተኛው ይብሳል። የሎደሩ ክንድ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ በትከሻው ዙሪያ ክብ እየሠራ ነው የሚወርደው። ሲወርድም ኦገሩ የተሰቀለበት ሳህን ያዘነብላል። የኦገሩ መስቀያ እንደ ፔንዱለም ስለሚወዛወዝ የተወሰነውን ራሱ ያስተካክላል፤ መወዛወዣው ጥግ ሲነካ ግን ኦገሩ መጋደም ይጀምራል። ያን ጊዜ ሳህኑን በማጋደያው ማቃናት አለብህ። ማጋደያህ ደግሞ ኦገር እያዞረልህ ነው! ገደድ ብሎ የገባ ኦገር ጎኑ ግድግዳውን እየፋቀ ጉልበቱን እዚያ ይጨርሳል፤ አንተም አፈሩ ከብዶት ይመስልሃል።

መፍትሔው ለኦገሩ የራሱ መስመር ማበጀት ነው። ርካሹ መንገድ፣ ትራክተርህ ከኋላ የሃይድሮሊክ መውጫ ካለው፣ ከዚያ ሁለት ረጃጅም ቱቦ ወደፊት መሳብ ነው። ጥሩው መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ሦስተኛ መስመር ማስገጠም፣ መክፈቻውንም ማንሻው ጫፍ ላይ ማድረግ ነው። ስታስገጥም ጣትህን ስታነሳ ወዲያው የሚቆም ዓይነት ይሁን። ተጭነኸው የሚቀር ማብሪያ ለእጅ ምቹ ነው፣ ኦገር ላይ ግን አልወደውም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቱቦ ስትቀያይር ልብ በል፤ ሁለቱ ከተገለባበጡ ኦገሩ ወደ ግራ ይዞራል። ከላይ ስታየው ሲቆፍር ወደ ቀኝ ነው መዞር ያለበት። አንድ ቦታ ተጠርቼ ሄጄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ግራ እያዞሩ መሬቱን እንደ ምጣድ ሲያሰሱት ደረስኩ። ጥርሱ ደንዝዟል ብለው አዲስ ጥርስ ሁሉ ገዝተዋል። ሁለት ቱቦ አቀያይሬ ቡና ጠጥቼ መጣሁ።

አሁን ወደ መረሬው። አዳአ ሜዳ ላይ ያደገ ሰው መረሬን ሳይናገሩ ያውቀዋል። በየካቲትና በመጋቢት ጡብ ነው፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በሐምሌ ሊጥ ነው፣ ጫማ ያስቀራል። ኦገር በሁለቱም ጊዜ አይወደውም። ሲደርቅ ጥርሱ መሬቱን አይነክስም፣ ይንሸራተታል። ሲርስ ደግሞ አፈሩ ጠምዛዛው ክንፍ ላይ እንደ ጭቃ ቤት ተለስኖ ይቀራል፤ ክንፉ ሲሞላ ኦገሩ ኦገርነቱ ይቀርና ድፍን በርሜል ይሆናል። አንተ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ የምትደርስበት እዚህ ነው። ከሥሩ የሚቆረጠው አፈር መውጫ አጣ፤ ያልወጣው አፈር ነው የያዘህ።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። ኦገሩ ቆሞ ሳለ ጫፉን ምልክቱ ላይ አሳርፍ። አሽከርክረው። 20 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ አንድ ስንዝር ማለት ነው፣ ሲወርድ አቁመህ ሳይሆን እየዞረ ቀጥ አድርገህ አውጣው። ከጉድጓዱ አፍ ትንሽ ከፍ ሲል መዞሩ አፈሩን ዙሪያውን ይበትነዋል። ካልተበተነ ወደ ግራ ወዲያው ወደ ቀኝ አድርገህ አራግፈው፤ እንደ ውሻ ራሱን ማራገፍ አለበት። እንደገና አስገባና ሌላ ስንዝር። ለ75 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ አራት ጊዜ ገብቶ ይወጣል። ቸኩለህ በሁለት ልጨርስ ያልክ ዕለት ግን ከሰዓቱን ሙሉ አንዱ ጉድጓድ ላይ ታሳልፋለህ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ኦገር ብሎን ነው፤ አፈር ሳያወጣ ቢዞር እንደ ብሎን ራሱን ወደ ታች ያጠብቃል። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን እርጥብ መረሬ ላይ በአንድ ትንፋሽ እስከ አንገቱ አስገባሁት። ቀጥ አለ። ልሳበው ስል የፊት ጎማው ከመሬት ተነሳ እንጂ ኦገሩ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ያን ጊዜ የነበረኝ በትራክተሩ የኋላ ዘንግ የሚዞር ነበር፤ ወደ ግራ መመለስ የሚባል ነገር አያውቅም። ዙሪያውን በዶማ ቆፍረን ያወጣነው ሲመሽ ነው። አንተ ዕድለኛ ነህ፤ የሃይድሮሊክ ትልቁ በረከት ወደ ኋላ መዞሩ ነው። ከያዘህ አትሳብ። ወደ ግራ አሽከርክረውና እንደ ብሎን እየፈታኸው፣ ክንዱን በዚያው ፍጥነት ቀስ እያልክ አንሳ። ከወጣ በኋላ የቀረውን ልል አፈር በዝግታ መልሰህ ታወጣዋለህ።

ሲቆም ጆሮህን ስጠው። ግፊቱ 160 ባር ሲደርስ የግፊት መልቀቂያው ቫልቭ ይከፈታል፣ ድምፁ ወደ ጩኸት ይለወጣል። ያ ጩኸት መከላከያህ ነው፤ ግን ማንሻውን ይዘህ ከቆየህ ያ ሁሉ ጉልበት ዘይቱን ያፈላል። በትንንሽ ትራክተሮች ላይ የሃይድሮሊኩ ዘይትና የካምቢዮው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ስለዚህ የምታቃጥለው የካምቢዮህን ዘይት ጭምር ነው። በጮኸ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ማንሻውን ልቀቅ።

ለመረሬ የምመርጠው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። አፈሩን ከ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አውጥተህ በመዳፍህ ጨብጠው፤ በጣቶችህ መሐል ከተንዠቀዠቀ ወይም ስታሸው እንደ ክር ከተጠቀለለ ገና ነው፤ ጨብጠህ ስትለቀው ቅርጹን ይዞ፣ በአውራ ጣት ስትነካው ከፈረሰ ቀኑ ነው። የግድ በበጋ መቆፈር ካለብህ ምልክቶቹ ላይ ማታ ሁለት ሦስት ባልዲ ውሃ አፍስስና አሳድረው። በክረምት ግን ተወው፤ ትራክተሩን ራሱን ማን ያወጣልሃል?

የአፍንጫው መነሳት። ከኋላ ከሚንጠለጠለው ኦገር ጋር ሲነጻጸር ሎደር ላይ የተሰቀለው ወደ ታች መግፋት መቻሉ ጥቅም ነው፤ ሰው ግን ጥቅሙን ወዲያው ጥፋት ያደርገዋል። አፍንጫው ሲነሳ የትራክተሩን የፊት ግማሽ ክብደት ኦገሩ ላይ ጭነኸዋል ማለት ነው። መሪህ ባዶ ይሆናል። ከሥር ያለው ድንጋይ ድንገት ቢለቅ ትራክተሩ ይወድቅና የፊት አክስሉን፣ አልያም የኦገሩን ዘንግ ያጎብጠዋል። ልኩ የፊት ጎማው ትንሽ ቀለል ሲለው ነው፤ ጎማው ሥር ያለው ሣር ቀና ማለት ከጀመረ አልፈሃል። ጥርሱ ስለት ካለው ክብደቱ ብቻ ያስገባዋል። መግፋት ካስፈለገህ ወይ ጥርሱ ደንዝዟል፣ ወይ ድንጋይ ነው፣ ወይ ክንፉ ሞልቷል። ሦስቱም በመግፋት አይፈቱም።

ትራክተሩን ከተቃራኒው ጎን ደግሞ አስብለት፦ ኦገሩን ከፍ አድርገህ ስትሄድ ክብደቱ ከፊት ስለሆነ የኋላው ይቀልላል። ከኋላ ማመጣጠኛ ክብደት ይኑርህ። ሦስት ነጥብ ማያያዣው ላይ የኮንክሪት ብሎክ ማንጠልጠል፣ ወይም የኋላ ጎማዎችን ሦስት አራተኛ ያህል ውሃ መሙላት ይቻላል፤ ውርጭ በማይበረታበት አገር ውሃ በቂ ነው። ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ስትሄድ የኦገሩ ጫፍ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይበል፤ ራቅ ያለ መንገድ ከሆነ እንዳይወዛወዝ በሰንሰለት እሰረው። ኦገሩ ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ግን ትራክተሩ አንዲት ጋት አይንቀሳቀስ። ማስተካከል ከፈለግህ አውጣ፣ ተንቀሳቀስ፣ መልሰህ አስገባ።

ጥርስን በተመለከተ አጭር ነው። መረሬው ላይ ጠፍጣፋው፣ እንደ ማረሻ የሳለው ጥርስ ይሻላል። ኮረብታው ሥር ያለው ቀይ ጠጠር ግን ከእሳተ ገሞራ የወጣ ስለሆነ ጥርስን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው፤ እዚያ ጫፉ ካርባይድ የሆነውን፣ ጥይት መሰሉን አድርግ። ያንኑ ጥይት መሰል መረሬ ላይ ብትወስደው ጭቃ ከማቡካት በቀር ሥራ አይሠራልህም። ከሁሉ በላይ መሐሉ ላይ ያለችውን መሪ ጥርስ ተመልከት። እሷ ከጎኖቹ ቀድማ ታልቃለች፤ ስታልቅ ኦገሩ ምልክቱን ስቶ ወደ ጎን ይሸሻል። ጠጠሩ ላይ ሌላም ነገር ይገጥምሃል፤ ግድግዳው ተመልሶ ይደረመሳል። እዚያ አሥር ሳንቲ ሜትር ጨምረህ ቆፍርና ምሰሶውን ወዲያው ትከል፣ ለነገ አታሳድር።

የሻጩ ምክር፣ ባለ 60ው ነገር፣ አናዶኛል። ሂሳቡን አብረን እንየው። ስፋቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን የሚወጣው አፈር አራት እጥፍ ነው። 60 በ60 የሆነ ጉድጓድ 0.17 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ እርጥብ አፈሩ ከ250 ኪሎ ይበልጣል። ባለ 30ው በዚያው ጥልቀት ሩቡን ብቻ ነው የሚያወጣው። ጥርሱ ላይ የሚደርሰውን ኃይል ደግሞ አስላ፦ 2000 ኒውተን ሜትር 15 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ላለ ጥርስ ወደ 1350 ኪሎ ግፊት ይሰጠዋል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ላለው ግማሹን ብቻ። ያ ግማሽ ጉልበት ደግሞ እጥፍ የሚሆን ወርድ መቁረጥ አለበት። ባለ 30ው የሚቆምብህ ሰው ባለ 60 ብትገዛ መሬቱን እንኳ አትጭርም። ገንዘብ ካለህ ወደ ታች ውረድ፤ ለአጥሩ ባለ 20 ወይም ባለ 23 ግዛ። የባህር ዛፍ ምሰሶ ለማቆም ባለ 23 ይበቃል፤ ባለ 30ው ከሱ 70 በመቶ የሚበልጥ አፈር ያስወጣሃል፣ ያንኑ አፈር ደግሞ መልሰህ ልትጠቀጥቀው። በ400 ጉድጓድ አባዛው።

ለአቮካዶው ደግሞ ኦገር ብቻውን አይበቃም፤ በጎ ነገር አለው ግን ክፋትም አለው። 60 በ60 በ60 የሚባለውን ጉድጓድ ለማግኘት መሐሉን በባለ 30ው 60 ሳንቲ ሜትር አውርድ፣ ከዚያ ሁለት ሠራተኛ በዶማ ከዳር ወደ መሐል እየናዱ ያስፉት። ወደ ክፍት ቦታ የሚናድ አፈር ድፍን መሬት ከመቆፈር እጅግ ይቀላል። ሁለተኛ ቀዳዳ ከጎኑ ልሰርስር እንዳትል፤ ኦገሩ ወደ ክፍቱ ጉድጓድ ተንሸራቶ ይገባል፣ ዘንጉንም ያጎብጥብሃል።

ክፋቱ ምን መሰለህ። ርጥበት ያለው ሸክላማ አፈር ላይ የሚዞረው ክንፍ ግድግዳውን ያለሰልሰዋል። ባትሪ አብርተህ ወደ ውስጥ ብታይ እንደ እንስራ ውስጡ ያብረቀርቃል። ችግኙ እዚያ ሲተከል ሥሩ ግድግዳውን ሰብሮ መውጣት ያቅተውና እንደ ማሰሮ ውስጥ ዙሪያውን ይጠመጠማል፤ ውሃውም አይሰርግም፣ ይተኛል። አቮካዶ ደግሞ ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ይበሰብሳል። በዶማ ማስፋቱ ይህን ልስን ያፈርስልሃል፤ ድካሙ ሁለት ሥራ ይሠራል። ከተቻለህም 150ውን በሙሉ ወደ ኮረብታው፣ ወደ ቀላሉ አፈር ውሰዳቸው። መረሬው ለአጥርና ለጤፍ ይሁን።

የሚያልበው ዘይት። ከኦገሩ ሞተር ጎን ከሁለቱ ትልልቅ ቱቦዎች ሌላ ትንሽ ሦስተኛ ቀዳዳ ካለ ተመልከት፤ ምናልባት በብሎን ተደፍና ይሆናል። እሷ ውስጥ ለውስጥ ያመለጠው ዘይት ያለ ግፊት ወደ ሰልባቲዮ፣ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው፣ የሚመለስባት መንገድ ናት። አንዳንድ ሞተሮች ያለሷም እንዲሠሩ ሆነው ከፋብሪካ ተደፍነው ይመጣሉ፤ ፒስተን ያላቸው ግን ያለሷ አይኖሩም። ተደፍናም ቢሆን የመመለሻው መስመር ረጅምና ቀጭን ከሆነ፣ መጋጠሚያውም በደንብ ካልገባ፣ ግፊቱ ወደ ኋላ ይጠራቀምና የሚያገኘው ደካማ ቦታ የዘንጉ ፓራዮሊ፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት ነው። እዚያ ነው ያንተ የሚያልበው። ፓራዮሊውን ብቻ ብትቀይር በወሩ ይመለሳል። መጀመሪያ የመመለሻውን መጋጠሚያ ፈትሽ፤ ቀጥሎ ከትንሿ ቀዳዳ ቀጥታ ወደ ሰልባቲዮ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አዘርጋ፤ ፓራዮሊው የመጨረሻው ይሁን። መጋጠሚያ በነቀልክና በሰካህ ቁጥር ደግሞ በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ። አንድ ቁንጥር አፈር ዘይት ውስጥ ከገባ ፓምፑን፣ ቫልቩን፣ ሞተሩን እያዳረሰ ነው የሚዞረው።

የሚያልበውን ቦታ በእጅህ እንዳትዳብስ። በ160 ባር ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ እሾህ የወጋህ ያህል ነው፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም አያምም፤ ሰውም ጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል። ዘይቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ይሰራጫል፣ ጣትን ከዚያም እጅን ያሳጣል። ካርቶን እያስጠጋህ ፈልግ። ከደረሰ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል፣ ለሐኪሙም «ከፍተኛ ግፊት ያለው ዘይት ነው» በለው፤ ቀዶ ጥገና የሚፈልግ አደጋ ነው።

የማብሪያውን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። አንድ የጠዋት ብርድ ላይ ጋቢ የደረበ ሠራተኛ አፈሩን በአካፋ ሊጠርግ ጎንበስ ሲል የጋቢው ጫፍ የኦገሩን ብሎን ነካው። ኦገሩ በደቂቃ 25 ጊዜ ነው የሚዞረው፤ ስታየው ቀርፋፋ ነው። ያን ቀርፋፋ ነገር ግን ሰው አይቀድመውም፤ ጋቢው ሁለት ዙር ተጠቅልሎ ሰውየው በጉልበቱ ወደቀ። ኦፕሬተሩ እጁ ማንሻው ላይ ስለነበረ ለቀቀው፣ ኦገሩ ቆመ። ጋቢው ተቀደደ፣ ሰውየው ተረፈ። ማብሪያው ተጭነውት የሚቀር ቢሆን ኖሮ የማወራህ ሌላ ታሪክ ነበር። ስለዚህ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ መቀነት ከኦገር አጠገብ አይድረስ። የሚዞር ኦገር አካባቢ አካፋ አይግባ፤ ሠራተኛው አራት እርምጃ ርቆ ይቁም፣ ስታቆም ይምጣና ይጥረግ። ኦገሩን በእጅ ደግፎ ምልክቱ ላይ የሚያሳርፍልህ ሰው ካስፈለገም ኦገሩ እየዞረ ሳይሆን ቆሞ ነው። «ክብደት ልሁንልህ» ብሎ መስቀያው ላይ የሚንጠለጠል ጎረምሳ አይጠፋም፤ አውርደው።

የአጥርህ መስመር መንገድ ዳር ከሆነ ከመጀመርህ በፊት የውሃ ቱቦ፣ የመብራት ወይም የቴሌ ኬብል ማለፉን የሚመለከታቸውንና ጎረቤትህን ጠይቅ። ቀና ብለህም እይ፤ ክንዱ ተነስቶ ኦገር ሲጨመርበት የመብራት ሽቦ ሩቅ አይደለም። ያልተተከለበትን ጉድጓድ ማታ ማታ በጣውላ ወይም በድንጋይ ክደን፤ 75 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ለጥጃ እግር ወጥመድ ነው፣ ለሕፃን ደግሞ ከዚያም በላይ።

ነገ ጠዋት ዘይቱ ሞቅ እስኪል አሥር ደቂቃ አሠራው። ክንፉ ላይ በኖራ መስመር አስምር፣ ሞተሩን 2600 ላይ አድርስ፣ ማንሻውን እስከ ጥግ ሳብና ባዶውን አንድ ደቂቃ ቁጠር። ከ22 እስከ 26 ባለው ውስጥ ከመጣ ዕቃህ ጤነኛ ነው፣ ወደ አፈሩ ሂድ። ከ20 በታች ከሆነ ወይ ማንሻው አልተከፈተም፣ ወይ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይ ሞተሩ ውስጡን ተበልቷል፤ ቁጥሩን ጻፍልኝና የትኛው እንደሆነ በጌጅ እንለያለን።